የፕሮቲንን ፈጣን መታጠፍ በሌዘር ማሞቂያና በኢንፍራሬድ መለካት፦ አዳማ ሆናችሁ የምትጀምሩት ሥራ

ፕሮቲን ያለበትን ፈሳሽ በቅጽበት የሚያሞቅ ሌዘር ላቦራቶሪያችን (ላባችን) ውስጥ የለም ብሎ ሥራውን ከመጀመሪያው መተው አያስፈልግም። ሌዘሩ የሚፈለገው ለመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሥራ ተራ ኤፍቲአይአር (ናሙና ኢንፍራሬድ ብርሃን እንዴት እንደሚመጥጥ የሚለካ መሣሪያ)፣ ጥሩ ሚዛን፣ ፍሪዝ ድራየር (አቀዝቅዞ በቫኪዩም የሚያደርቅ) እና ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው። ውጭ ካለ ላብ ጋር ተነጋግራችሁ የሁለት ሳምንት ጊዜ ብታገኙና ያንን ጊዜ ናሙና በማጽዳት የምትጨርሱት ከሆነ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ባትሄዱ ይሻላል። ስለዚህ ይህ መመሪያ በአብዛኛው ከመሄዳችሁ በፊት አዳማ ላይ ስለምትሠሩት ነው። የተጻፈውም ኤፍቲአይአር ነክቶ ለሚያውቅ የኬሚስትሪ ወይም የፊዚክስ ማስተርስ ተማሪ ነው።

ሐሳቡ ባጭሩ

ፕሮቲን የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። ሥራውን የሚሠራው ተጣጥፎ ቅርጹን ሲይዝ ነው። ለመታጠፍ ሰከንዶችና ከዚያም በላይ የሚወስድባቸው አሉ። ትንንሾቹ ግን በማይክሮሰከንድ ይጨርሱታል። ትሪፕ-ኬጅ የሚባለው ባለ 20 አሚኖ አሲድ ፕሮቲን በ4 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይታጠፋል። ሁለት ፈሳሾችን ቀላቅሎ የሚለካው የተለመደው ስቶፕድ-ፍሎ መሣሪያ መቀላቀሉ ብቻ 1 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስድበታል። መሣሪያው ማየት ሲጀምር ፕሮቲኑ ጉዳዩን ከጨረሰ ቆይቷል።

መውጫውን ያሳየው ጀርመናዊው ኬሚስት ማንፍሬድ አይገን ነው። መቀላቀሉን ተዉት፤ በኬሚካዊ ሚዛን ላይ ያለውን፣ ማለትም ወደፊትና ወደኋላ የሚሄደው ለውጥ እኩል የሆነበትን ፈሳሽ ድንገት አሙቁትና ወደ አዲሱ ሚዛን ሲሄድ እዩት ነው ነገሩ። እ.ኤ.አ. በ1967 የኬሚስትሪ ኖቤልን ከኖሪሽና ከፖርተር ጋር የተካፈለው በፈጣን ኬሚካዊ ለውጦች ጥናቱ ነው። አይገን የሚያሞቀው በኤሌክትሪክ ነበር፤ ዛሬ በሌዘር ይሞቃል። እ.ኤ.አ. በ1996 የአሜሪካው ሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ሌዘሩን ከኢንፍራሬድ ጋር አጣምረው፣ አንድ ትንሽ ሄሊክስ (እንደ ምንጭ ሽቦ የተጠማዘዘ) ፔፕታይድ፣ ማለትም አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት፣ በ160 ናኖሰከንድ ገደማ ወደ አዲሱ ሚዛን እንደሚደርስ አሳይተዋል።

የአዳማን ገበያ አስቡ። ሸራ ስር ያለ ሰው አለ፣ ውጭ ያለም አለ። አንዱ ይገባል፣ ሌላው ይወጣል፤ የሸራ ስሩ ሰው ብዛት ግን ያው ነው። ድንገት ዝናብ ሲጥል ብዛቱ ይጨምርና ሌላ ቁጥር ላይ ይረጋል። እስኪረጋ የሚፈጀው ጊዜ የሚወሰነው በሚገቡት ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ በሚወጡትም ጭምር ነው። ይህችን ያዙልኝ፤ ስሌቱ የሚቆመው በእሷ ላይ ነው።

1. ፕሮቲን መምረጥ

ትንሽ ይሁን፣ ሲሞቅ ይፈታ፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይታጠፍ። ሦስቱን ካላሟላ ተዉት። ትሪፕ-ኬጅ ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ግማሹ የሚፈታው 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ቪሊን ሄድፒስ የሚባለው ባለ 35 አሚኖ አሲዱም ይሆናል። ቤታ ሺት (ሰንሰለቱ ጎን ለጎን የተነጠፈበትን ቅርጽ) ማየት ከፈለጋችሁ ደብልዩ-ደብልዩ ዶሜይን አለ፤ እሱ ግን ከእነዚህ ዘገም ያለ ነው። ከእንቁላል ነጭ የሚገኘው ላይሶዛይም ርካሽ ስለሆነ ኤፍቲአይአር ለመለማመድ ይጠቅማል፤ ለሌዘሩ ግን ይዛችሁት አትሂዱ።

2. ናሙናውን ማጽዳት

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ከዚህ ወዲያ 1650 ወይም 1673 ስል የሞገድ ቁጥር ማለቴ ነው፣ በአንድ ሴንቲሜትር።

የምናነበው አማይድ አንድ የሚባለውን ባንድ (የመምጠጥ ጉብታ) ነው፤ ከ1600 እስከ 1700 ባለው ክልል ውስጥ ይወጣል። በዋናነት የሚመጣው ከሰንሰለቱ ካርቦንና ኦክስጅን ትስስር ንዝረት ነው። ሄሊክስ ሲሆን፣ ቤታ ሺት ሲሆን፣ ሲፈታ ቦታውን ይቀይራል። ችግሩ እዚያው ሰፈር የማይፈለጉ እንግዶች መኖራቸው ነው።

የመጀመሪያው እንግዳ ቲኤፍኤ (ትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድ) ነው። በትዕዛዝ የሚሠራ ፔፕታይድ ሲጸዳ በዚህ አሲድ ውስጥ ስለሚያልፍ፣ ዱቄቱ ሲደርሳችሁ አሲዱም አብሮ ይመጣል። በ1673 ጠንካራ ባንድ አለው፤ የተፈታ ሰንሰለት ከሚታይበት ቦታ ጋር ይደራረባል። ሻጩ ዘጠና ምናምን በመቶ ንጹሕ ነው ቢላችሁ አትዘናጉ፤ ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ ስለ ፔፕታይዱ እንጂ አብሮት ስላለው ጨው አይናገርም። ዱቄቱን በ10 ሚሊሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አሟሙት፣ አቀዝቅዙት፣ ፍሪዝ ድራይ አድርጉት። ሦስት ጊዜ ያህል ድገሙት። ከዚያ ስፔክትረም (በየሞገድ ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚመጥጥ የሚያሳየውን መስመር) አንሡ። 1673 ላይ ሹል ነገር ካለ ገና አልጠራም፤ ወደ አሲዱ ተመለሱ።

ሁለተኛው እንግዳ ውሃ ራሱ ነው። ተራ ውሃ 1643 አካባቢ አጥብቆ ይመጥጣል፣ አማይድ አንድን ይሸፍነዋል። ስለዚህ በከባድ ውሃ ትሠራላችሁ፣ ሃይድሮጅኑ በዲዩቴሪየም በተተካው ማለት ነው። የዚህኛው ተመሳሳይ ባንድ 1210 አካባቢ ስለሆነ ከመንገዳችሁ ይወጣል። ስሙ ኒውክሌር ስለሚያስታውስ የግዢ ክፍሉ ግር ቢለው አይገርምም። ጨረር እንደሌለውና ናሙና ማሟሚያ እንደሆነ የሚያስረዳ አጭር ደብዳቤ አማካሪያችሁን አስፈርማችሁ አብራችሁ አስገቡ፤ ትዕዛዙንም ከሁሉም ነገር አስቀድሙ።

ፔፕታይዱን በከባድ ውሃ አሟሙት፣ ሰንሰለቱ እስኪፈታ አሙቁት፣ ትንሽ አቆዩት፣ ፍሪዝ ድራይ አድርጉት፣ ድገሙት። ማሞቁ የተደበቁት ሃይድሮጅኖችም እንዲቀየሩ ነው። ማለቁን የምታውቁት በአማይድ ሁለት ነው፤ 1550 አካባቢ የነበረው ባንድ ጠፍቶ ወደ 1450 ይወርዳል። ግማሽ የተቀየረ ናሙና ይዛችሁ ከገባችሁ ባንዱ በልኬት መሃል ቀስ እያለ ይንሸራተትና የምታዩት መታጠፍ ይሁን የሃይድሮጅን ልውውጥ ይጠፋባችኋል።

ከባድ ውሃ የአየሩን እርጥበት ይጠጣል። ክረምት ላይ ጠርሙሱን ከፍታችሁ ወሬ አታውሩ። በተደፈነ ጠርሙስ ያዙት፣ በሲሪንጅ ቅዱ። ማድረቂያ ሲሊካ ጄሉ ቀለሙን ከቀየረ ምጣድ ውስጥ ሳይሆን ኦቨን ውስጥ አድርቁት።

ለበፈር (የአሲድነቱን መጠን፣ ፒኤቹን፣ ለሚያጸናው ፈሳሽ) ፎስፌት ያዙ፣ 20 ሚሊሞላር ይበቃል። ትሪስ የሚባለውን በፈር አትጠቀሙ፤ ሙቀቱ አንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፒኤቹ 0.03 ያህል ይወርዳል። በሌዘሩ የ10 ዲግሪ ዝላይ ስታደርጉ የአሲድነት ዝላይም አብራችሁ አደረጋችሁ ማለት ነው። የተለመደው የፒኤች መለኪያ በከባድ ውሃ ውስጥ 0.4 አሳንሶ ያነባል፤ ባነበባችሁት ላይ 0.4 ጨምሩ።

3. ሴሉን መሙላት

እዚህ አገር ኢንፍራሬድ ሲባል መጀመሪያ የሚታየን የፖታሲየም ብሮማይድ ክኒን ነው። ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ውሃ ያሟሟዋል። ሴል የምንለው ናሙናው በሁለት መስኮቶች መሃል የሚያዝበትን መያዣ ነው። የካልሲየም ፍሎራይድ መስኮቶች ያስፈልጓችኋል፤ በመሃላቸው ክፍተቱን የሚጠብቅ 50 ወይም 100 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው የቴፍሎን ስፔሰር።

ስፔሰሩ ላይ የተጻፈውን ውፍረት አትመኑ፤ ሲጠብቅ ይቀየራል። ባዶውን ሴል አስገብታችሁ ስፔክትረም አንሡ፣ ማዕበል የሚመስል መስመር ይወጣል። ከ2000 እስከ 3000 ባለው ውስጥ ስንት ማዕበል እንዳለ ቁጠሩ። ቁጥሩን ለ2000 ስታካፍሉት ውፍረቱን በሴንቲሜትር ይሰጣችኋል። 10 ማዕበል ከሆነ 10 ሲካፈል ለ2000፣ 0.005 ሴንቲሜትር፣ ማለትም 50 ማይክሮሜትር ነው።

አዳማ ላይ ተርባይኖቹን የሚያሽከረክረው ነፋስ አቧራውን ላብ ድረስ ያመጣዋል። አቧራ ለኤፍቲአይአሩ ያን ያህል ባይጎዳ ለሌዘሩ ግን ጠላት ነው፤ የአረፋ መነሻ ይሆናል። ፈሳሹን በ0.2 ማይክሮሜትር ፊልተር አሳልፉት፣ ከዚያ በቫኪዩም ውስጡ የሟሟውን አየር አስወጡ። መስኮቱን ጠርጋችሁ ወደ መብራት አዘንብሉና እዩት፣ ክር ካለ ይታያል። የታችኛውን መስኮት ስፔሰሩ ላዩ ላይ እንዳለ አስቀምጡ። አንድ ጠብታ መሃል ላይ ጣሉ፣ የላይኛውን ከአንድ ጎን ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ አሳርፉ። ፈሳሹ ወደ ዳር ሲሮጥ ታያላችሁ። ብሎኖቹን በሰያፍ አጥብቁ፣ አንዱን ትንሽ፣ ተቃራኒውን ትንሽ። በአንድ ጊዜ የጠበቀ መስኮት ይሰነጠቃል፤ ካልሲየም ፍሎራይድ ተሰባሪ ነው፣ መተኪያውም ከውጭ ነው የሚመጣው። ጨርሳችሁ የመርፌ ጫፍ የምታህል አረፋ ካያችሁ ፍቱትና እንደገና ጀምሩ።

ናሙናው 2 ሚሊሞላር አካባቢ ይሁን። ለትሪፕ-ኬጅ ይህ በሚሊሊትር 4 ሚሊግራም ከምናምን ነው።

4. የመፈታት ኩርባ፦ ያለዚህ ሌዘር ጋ መሄድ የለም

ላብ ውስጥ ሜልቲንግ ከርቭ የምንለው ነው። ሴሉን ሙቀቱ የሚቆጣጠር መያዣ ውስጥ አስገቡ። ከ5 ወይም 10 ዲግሪ ጀምሩ፣ በየ5 ዲግሪው ውጡ፣ በየደረጃው ሙቀቱ እስኪረጋ ጠብቁና ስፔክትረም አንሡ። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 100 ሳይደርስ፣ 95 አካባቢ ይፈላል። ከባድ ውሃም ትንሽ ከፍ ብሎ ይከተለዋል። እኔ 85 ላይ ባቆም እመርጣለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የሚገኘው መረጃ አረፋ ከሚያመጣው ጣጣ አይበልጥም።

በፈሩን ብቻውን በዚያው ሙቀት ሁሉ ለኩና ቀንሱ። የከባድ ውሃ መምጠጥም በሙቀት ስለሚቀየር አንድ የበፈር ስፔክትረም ለሁሉም አይበቃም። የውሃ ትነት ደግሞ እዚሁ ክልል ውስጥ ብዙ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። የናሙና ክፍሉን በደረቅ አየር ወይም በናይትሮጅን ጋዝ አጥቡት። እነዚያ ሹል ጥርሶች ካልጠፉ ክዳኑ በደንብ አልተዘጋም።

አሁን ከእያንዳንዱ ስፔክትረም ላይ የቀዝቃዛውን ቀንሱ። ሄሊክስ ያለው ፔፕታይድ ከሆነ ከ1630 እስከ 1650 ባለው ወደ ታች የሚወርድ ሸለቆ፣ ከ1660 በላይ ደግሞ ወደ ላይ የሚወጣ ጉብታ ታያላችሁ። የሸለቆውን ጥልቀት ከሙቀት ጋር አስቀምጡት፤ ኤስ የሚመስል ኩርባ ይወጣል። ከእሱ ግማሹ የሚፈታበትን ሙቀትና በየሙቀቱ የታጠፈውንና የተፈታውን ድርሻ ታገኛላችሁ። ድርሻውን በደብተራችሁ በሠንጠረዥ አስቀምጡት። መጨረሻ ላይ የምታስፈልገው ቁጥር ይህቺ ናት።

አሁን አቀዝቅዙትና የመጀመሪያውን ስፔክትረም እንደገና አንሡ። ከበፊቱ ጋር ካልገጠመ ችግር አለ። በተለይ 1618 አካባቢ ጠንካራ፣ 1683 አካባቢ ደካማ ባንድ ብቅ ካለ ፕሮቲኑ እርስ በርሱ ተጣብቋል። በፈሳሹ ውስጥ ያለውን የፕሮቲን መጠን በግማሽ ቀንሱና ድገሙት። አሁንም ካለ ፕሮቲን ቀይሩ፤ ይህን አዳማ ላይ ማወቅ ቲኬት ከቆረጡ በኋላ ከማወቅ ይሻላል። ኩርባው መሃል ላይ እያላችሁ መብራት ከሄደ ደግሞ ካቆማችሁበት አትቀጥሉ። ናሙናው ስንት ደቂቃ በምን ሙቀት እንደቆየ ስለማይታወቅ ከታች ጀምሩ። ለኮምፒውተሩና ለሙቀት መቆጣጠሪያው ዩፒኤስ መኖሩ ቅንጦት አይደለም።

የኤፍቲአይአራችሁ ዲቴክተር ተራው ዲቲጂኤስ ከሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን አያስፈልገውም። ኤምሲቲ ከሆነ ያስፈልገዋል። ፈሳሽ ናይትሮጅን ለከብቶች ሰው ሠራሽ ማዳቀል አገልግሎት ስለሚውል፣ ከኬሚካል አቅራቢ ይልቅ የእንስሳት ሕክምና ሰዎችን መጠየቁ አንዳንዴ ያዋጣል።

5. ሌዘሩ ጋ

ናሙናውን ደረቅ ዱቄት አድርጋችሁ ውሰዱ፣ በፈሳሽ አይደለም። መያዣው ላይ የዱቄቱን ማንነትና ክብደት በግልጽ ጻፉ፤ ስም የሌለው ነጭ ዱቄት ይዞ ኤርፖርት ላይ መከራከር አያዋጣም።

የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው። ኤንዲ ያግ ሌዘር 1064 ናኖሜትር ላይ 10 ናኖሰከንድ ገደማ የሚቆይ ምት ይሰጣል። ምቱ ከፍተኛ ግፊት ባለው ሃይድሮጅን ውስጥ ሲያልፍ በራማን ሽግግር (ብርሃኑ ጉልበቱን በከፊል ለሞለኪውሎቹ ሰጥቶ ሞገዱ በሚረዝምበት) ወደ 1.9 ማይክሮሜትር ይሻገራል። እዚያ ከባድ ውሃ ልክ ባለው መጠን ይመጥጣል፣ በጣም ሳይበዛ፣ በጣም ሳያንስ። በጣም ቢበዛ የፊቱ መስኮት አጠገብ ያለው ፈሳሽ ይፈላል፣ የኋላው ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል። ሌላ ደካማ የኢንፍራሬድ ጨረር፣ ዛሬ ብዙ ጊዜ ከኳንተም ካስኬድ ሌዘር የሚመጣው፣ በዚያው ቦታ ያልፍና በፈጣን ኤምሲቲ ዲቴክተር ይነበባል። የሚያሞቀው ጨረር ሰፊ፣ የሚያነበው ጠባብ ይሁን፤ ጠባቡ በሰፊው እምብርት ላይ ይለፍ። ዳር ላይ ካረፈ የተለያየ ሙቀት ያለው ፈሳሽ አንድ ላይ ታነባላችሁ።

ስንት ጉልበት ያስፈልጋል? 1 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ፣ 100 ማይክሮሜትር ጥልቀት። ይህ 0.09 ሚሊግራም ያህል ከባድ ውሃ ነው። በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 0.37 ሚሊጁል ገደማ፣ ለ10 ዲግሪ 4 ሚሊጁል ገደማ ይጠይቃል፤ ይህም የተመጠጠው ብቻ ነው። 10 ዲግሪ በቂ ዝላይ ነው። ከዚያ በላይ ስትጎትቱት አረፋ ይመጣል፤ አረፋ በመስመሩ ላይ ድንገተኛ ቁልቁለት ሆኖ ይታያል፣ ከምት ምትም አይመሳሰልም።

ሴሉ ለሁለት የተከፈለ ቢሆን ጥሩ ነው፤ በአንዱ ወገን ናሙናው፣ በሌላው በፈሩ። በፈሩ ቴርሞሜትራችሁ ነው። መምጠጡ በሙቀት እንዴት እንደሚቀየር ከ4ኛው እርምጃ ታውቁታላችሁ፤ ዝላዩ ስንት ዲግሪ እንደሆነ እሱ ይነግራችኋል።

ስለ ዓይን አንድ ነገር። 1.9 ማይክሮሜትር ለዓይን አያሰጋም የሚል ወሬ አለ። እስከ ሬቲናው ስለማይደርስ ነው እንጂ የዓይንን ፊት ያቃጥላል። 1064ቱ ደግሞ ሬቲናው ድረስ ይደርሳል። ሁለቱም አይታዩም። ሁለቱንም የሚከለክል መነጽር አድርጉ፣ ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ፈሳሽ ናይትሮጅን የምትቀዱበት ክፍል አየር ይግባው።

6. መለካትና ማስላት

ፍጥነቱ የሚወሰነው በመድረሻው ሙቀት ነው፣ በመነሻው አይደለም። 40 ዲግሪ ላይ ያለውን ፍጥነት ከፈለጋችሁ፣ ዝላዩ 10 ከሆነ፣ ከ30 ተነሡ። ይህን በየመስመሩ ራስጌ ጻፉት።

በሺህ የሚቆጠሩ ምቶች አማካይ ውሰዱ። ቢያንስ ሦስት ቦታ አንብቡ፦ ሸለቆው ላይ፣ ጉብታው ላይ፣ እንዲሁም ፕሮቲኑ የማይመጥጥበት አንድ ቦታ። ከናሙናው መስመር የበፈሩን ቀንሱ፤ የበፈሩ ለውጥ ከምቱ ጋር አብሮ ወዲያው ይመጣልና። የመጀመሪያዎቹን አሥርት ናኖሰከንዶች መሣሪያው ራሱ ያበላሻቸዋል፣ እርሷቸው። በረጅሙ ጊዜ ጫፍ ደግሞ ሙቀቱ ወደ መስኮቶቹ ይሸሻል፤ ለ50 ማይክሮሜትር ሴል ይህ 2 ሚሊሰከንድ አካባቢ፣ ለ100ው 8 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው። እሱ ሳይጀምር አቁሙ። ጊዜውን በሎግ ስኬል አስቀምጡ፣ አለዚያ ማይክሮሰከንዶቹ ግራ ጥግ ላይ ተጨፍልቀው ይቀራሉ።

በመስመሩ ላይ አንድ ኤክስፖኔንሻል ኩርባ ግጠሙ። ከእሱ የምታገኙት የመርጊያ ጊዜ፣ ማለትም አዲሱ ሚዛን ላይ እስኪረጋ የሚፈጀው፣ የመታጠፊያ ጊዜ አይደለም። የመርጊያ ፍጥነቱ የመታጠፍና የመፈታት ፍጥነቶች ድምር ነው፣ ገበያው ላይ እንዳየነው። እንበል ግማሹ በሚፈታበት ሙቀት 10 ማይክሮሰከንድ አገኛችሁ። ድምሩ በሰከንድ 100000 ነው። እዚያ ሙቀት ላይ ሁለቱ እኩል ስለሆኑ እያንዳንዳቸው 50000 ናቸው፤ የመታጠፊያው ጊዜ 20 ማይክሮሰከንድ ነው። በሌላ ሙቀት ከሆነ ከ4ኛው እርምጃ ሠንጠረዥ የታጠፈውን ድርሻ አንሡና ድምሩን በእሱ አባዙ፤ የመታጠፍ ፍጥነቱን ይሰጣችኋል። የቀረው የመፈታቱ ነው።

ከላቡ ሳትወጡ ሁለት ነገር ሞክሩ። መነሻውን ቀይራችሁ፣ የዝላዩን መጠን ቀይራችሁ፣ እዚያው መድረሻ ላይ ድረሱ፤ ፍጥነቱ መቀየር የለበትም። ናሙናውን በግማሽ አቅጥኑት፤ አሁንም መቀየር የለበትም፣ ከተቀየረ ሞለኪውሎቹ እየተያያዙ ነው።

ሸለቆውና ጉብታው የተለያየ ፍጥነት ከሰጡ መካከለኛ ቅርጽ አገኘን ብላችሁ ለመጻፍ አትቸኩሉ። መጀመሪያ የጨረሮቹን አሰላለፍ፣ ቀጥሎ የበፈር ቅነሳውን ፈትሹ። ከዚያ በኋላም ልዩነቱ ካለ፣ ያኔ አንድ ቦታ ላይ ካርቦን-13 (ከተራው ከበድ ያለው የካርቦን ዓይነት) የገባበት ፔፕታይድ ማዘዝ ይቻላል። የዚያ ቦታ ባንድ 40 ያህል ወደ ታች ወርዶ ለብቻው ስለሚነበብ የትኛው ክፍል እንደቀደመ ይለያል። ትዕዛዙን ስትልኩ ቲኤፍኤው በሃይድሮክሎራይድ ተተክቶ እንዲላክላችሁ ጠይቁ።